ወደ ወፍ ዋሻ በሰው ሠራሽ እግር፦ እኔ የጠየቅሁት ስለ መውረዱ ነበር

ኢንተርኔት ላይ የውይይት መድረክ ውስጥ የጻፍሁት ጥያቄ አጭር ነበር፦ በሰው ሠራሽ እግር ቁልቁለት እንዴት ይወረዳል? ቀኝ እግሬ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የመኪና አደጋ ነው፤ ታሪኩን እዚህ አልደግመውም። የምራመደው የእግሬ ቅሪት በሚገባበት የፕላስቲክ (ፖሊፕሮፒሊን) ሶኬትና ቁርጭምጭሚቱ በማይታጠፍ የጎማ እግር ነው። ደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ሱሪ ለብሼ ስሄድ የማያውቀኝ ሰው ልዩነቱን አያይም። በኅዳር ወር ግን ከአንኮበር በኩል ወደ ወፍ ዋሻ ደን ወርጄ፣ ዝግባ ሥር ተቀምጬ ምሳዬን በልቼ፣ ጉሙ ከቆላው ሳይነሳ መመለስ እፈልጋለሁ። ከአደጋው በፊት በየዓመቱ የማደርገው ነገር ነበር።

ዳገቱ አያስፈራኝም ብዬ ጻፍሁ። የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ቁልቁለት ላይ ተረከዙ መሬት ሲነካ ቀስ ብሎ እየታጠፈ ጫማውን ያሳርፋል። የእኔ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ጫማው በሙሉ መሬት እስኪይዝ ድረስ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጉልበቴም ሳላዝዘው ይታጠፋል። ልጆች ሳለን ከኋላ ቀስ ብለን መጥተን የቆመ ጓደኛችንን ጉልበት በጉልበታችን ስንመታው የሚሆነውን የምታስታውሱ ትረዱኛላችሁ። በዚያ ላይ የአገራችን አቀማመጥ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላ ቦታ ሰው ተራራ ይወጣና ደክሞት ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ ግን መኪናው ደጋው ጫፍ ላይ ያወርድህና ገደሉ ከእግርህ ሥር ይጀምራል። መውረዱ ጠዋት፣ መውጣቱ ከሰዓት በኋላ። እንግዲህ በዚህ መንገድ በሰው ሠራሽ እግር የወረደ ሰው ካለ እንዴት እንደወረደ ይንገረኝ አልሁ።

34 መልስ መጣ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ያለውን ሳያነቡ ስለ በቅሎ መጻፍ ስላላቆሙ፣ በየቁጥሩ እያሳጠርሁ አቀርበዋለሁ።

1ኛውና 2ኛው መልስ ምርቃት ናቸው፤ አሜን ብያለሁ። 3ኛው በቅሎ ተከራይ የሚል ነበር። ይህ ምክር ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ስለተደገመ አንድ ጊዜ ልመልስ፦ በቅሎ አልጠላም፣ አያቴም ያለ በቅሎ ገበያ አይወጡም ነበር። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ መራመድ ነው። ሰው ዋና እንዴት እንደሚዋኝ ሲጠይቅ ጀልባ አለ ብሎ መመለስ መልስ አይደለም።

4ኛው መላሽ ወጣት ይመስለኛል። ማርክ ኢንግሊስ የተባለው የኒው ዚላንድ ሰው ሁለት እግር ሳይኖረው ኤቨረስትን ወጥቷልና አንተን አንድ ጫካ ሊያቅትህ አይገባም የሚል መንፈስ ነበረው። 5ኛው በጨዋ አነጋገር አሟላለት። ኢንግሊስ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሁለቱም እግሮቹ ተቆርጠው እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው እንጂ በሰው ሠራሽ እግር የመጀመሪያው እንዳልነበረ፣ ቶም ዊታከር በ1998 ቀድሞት እንደነበር፣ በ2023 ደግሞ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በላይ የሌሉት ኔፓላዊው ሃሪ ቡዳ ማጋር ጫፉ ላይ መድረሱን ዘረዘረ። ከዚህ ሁሉ ጀግንነት ለእኔ የጠቀመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኢንግሊስ ሽቅብ ሲጓዝ አንደኛው የካርቦን እግሩ ተሰብሮበት፣ መለዋወጫው ከታች እስኪመጣለት ድረስ በፕላስተር ጠምጥሞ ነው የቆየው። ይህን ባነበብሁበት ማታ ወርድ ያለው ፕላስተር ገዝቼ ለጉዞው ባዘጋጀሁት ክራንች ላይ ጠመጠምሁት። ክብደት የለውም፣ ቦታም አይፈጅም።

6ኛው መላሽ በዚህ ጊዜ ተቆጣ። ኤቨረስት ላይ ዕቃ የሚሸከም፣ ገመድ የሚዘረጋ፣ ኦክስጅን የሚያቀብል ሰው አለ፤ እዚህ ግን እግሩ የተቆረጠ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ያለውን ቦይ እንዴት እንደሚሻገር ነው የሚጨነቀው፤ የፈረንጅ ጀብዱ እየጠቀሳችሁ ሰውን አታሳፍሩ የሚል ነበር። አነጋገሩ ሻከር ይላል፣ ግን ውሸት አልተናገረም። 7ኛው ከእሱም ባሰ፤ በቀረኝ እግር አምላኬን አመስግኜ ቤቴ እንድቀመጥ መከረኝ፣ ጫካ ገብቼ ብሰበር ደግሞ ሌላ ሰው እኔን ለመሸከም እንደሚቸገር አስታወሰኝ። መልስ ልጽፍ ተነስቼ ነበር። ቀድማ 8ኛዋ ጻፈች። ከሁለት እግር ባለቤቶች ውስጥ ስንቶቹ ከገደል ላይ በሰው ሸክም እንደወጡ ጠይቃ፣ እነሱንም ቤታቸው እንዲቀመጡ ይምከራቸው እንደሆነ ጠየቀችው። አልመለሰም።

9ኛው መልስ የክሩ፣ ማለትም የዚህ የመልሶች ተርታ፣ ዋና ነው፤ ቸኩሎ የገባ ሰው ሌላውን ትቶ ይህን ያንብብ። የጻፈው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሲጀምር ዳገቱ አያስፈራኝም ማለቴን አልወደደውም። የማይታጠፍ ቁርጭምጭሚት ዳገት ላይ ደግሞ ጣቱ ቀድሞ መሬት ይይዝና ጉልበትን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጠዋት ጉልበተኛ ስለሆንሁ አልታወቀኝም እንጂ ችግሩ አለ። ከዚያም በላይ ሰው ብዙ ሰዓት ሲራመድ ሶኬቱ ውስጥ ያለው የእግሩ ቅሪት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጠዋት ልክክ ያለው ሶኬት ከሰዓት በኋላ ይሰፋል፣ እግሩም ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ምልክቱ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት መቆርቆሩና የቅሪቱ ጫፍ ከሥር መነካቱ ነው። መድኃኒቱ ሲቆረቁር ችሎ መሄድ ሳይሆን ቆም ብሎ ካልሲ መደረብ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት አራት ደረቅ ካልሲ፣ ውፍረታቸው የተለያየ፣ ከምሳው በፊት ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

በየሰዓቱ ሶኬቱን አውልቆ ቆዳን ማየትም አለ። ቀልቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ደህና ነው፤ መቅላቱ ካልጠፋ ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ የማላውቀው ደግሞ የጫማ ነገር ነበር። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው ለአንድ የተረከዝ ቁመት ነው። ለከተማ ጫማ የተስተካከለን እግር ተረከዙ ከፍ ያለ የተራራ ጫማ ቢያለብሱት ሰውየውን በሙሉ ወደ ፊት ያዘነብለዋል፤ ያን ጊዜ ቁልቁለቱ በእጥፍ ይብሳል። እኔ ለጉዞው ብዬ የገዛሁት ጫማ ተረከዙ ሁለት ጣት ያህል ከሌላው ይበልጣል። ለካ የምፈራውን ነገር በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ።

ስለ አወራረዱ የሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ ሲወርዱ ሰው ሠራሹ እግር ይቀድማል፣ ሲወጡ ጤነኛው። እርምጃ ማሳጠር፣ ቀጥ ብሎ ከመውረድ መንገዱን እየቆረጡ ወዲያና ወዲህ ማለት፣ ክራንች የሚይዝ ሰው ደግሞ ክብደቱን በእጁ እንጂ በብብቱ እንዳያሳርፍ። ብብት ውስጥ ያለው ነርቭ ሲጫኑት እጅ ይደነዝዛል።

10ኛዋ እናት፣ ሶኬቱ እንዳይልጠኝ ጠዋት ላይ እግሬን ለጋ ቅቤ እንድቀባ ነገሩኝ። 11ኛው ደገፈ። 12ኛው ያው ባለሙያ ነው፤ ሶኬት ከማጥለቅ በፊት ቅቤም ሆነ ቅባት ቆዳን አለስልሶ ለመላላጥ እንደሚያዘጋጀው፣ ቅባት የሚቀባው ማታ እግሩ ከወለቀ በኋላ እንደሆነ ጻፈ። ይህ ትክክል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ክፍሉን በቁስለኛ እንደሚሞሉበት ጨመረ። ይህን ባይጨምር ኖሮ እወድ ነበር። እናት ቅቤ ያዘዙት ስላላወቁ ነው፤ ስለ ጫማዬ እኔም አላወቅሁም።

14ኛው አንኮበር አካባቢ እንግዶችን ወፍ የሚያሳይ ሰው ነው፤ በከተማዋ ስም የምትጠራውንና በ1976 እ.ኤ.አ. የተገኘችውን ትንሽ ወፍ ገደሉ ላይ ስትለቅም ለማየት ከሩቅ የሚመጡትን ይመራል። ስለ ወቅቱ የነገረኝ ጠቃሚ ነው። ክረምቱ ጭራሽ አይሞከርም። ኅዳር ላይ መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ግን ሌሊቱን ውርጭ ይጥልና ሣሩ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ እርጥብ ነው፤ ስለዚህ በጠዋት የመነሳት ኩራቴን ትቼ ፀሐይ እንድጠብቅ፣ ከመነሳቴም በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካሉት እንድጠይቅ መከረኝ። መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው ግን ቀላል ነው፣ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይወርዱታል አለ። በአገራችን ቀላል የሚባል መንገድ ዓይነቱ ብዙ ነው። ገበሬ እዚህ ጋ ናት ብሎ በአገጩ ያመላከተውን ቦታ ፍለጋ ግማሽ ቀን የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

15ኛው መልስ የመጣው ከመንዝ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በ1970ዎቹ ጦርነት ግራ እግራቸውን ከጉልበት በላይ ያጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጃቸው ናት የምትጽፍላቸው። እሳቸው ጉልበትም ስለሌላቸው የእኔን ጭንቀት እንደ ቅንጦት ሳያዩት አልቀሩም። ቁልቁለት ላይ የሚታጠፍ የብረት ጉልበት ከማመን ቆልፎ ደርቆ መውረድ፣ ጎንን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቶ አንድ አንድ ደረጃ እንደሚወርዱ መሆን ይሻላል አሉ። ዱላቸው ወይራ ነው፤ የክራንች ጎማ ድንጋይ ላይ ያልቃልና ትርፍ ጎማ እንድይዝ አዘዙኝ። የበቅሎ ወገን የሆናችሁ ደስ ይበላችሁ፣ እሳቸውም በቅሎ አላቸው፤ ግን የጠፋው እግር የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ በቅሎ አይመከርም ባይ ናቸው። በቅሎ ከለመደችው ጎን ሌላ ስትነካ ትበረግጋለች፤ የእሳቸው በሌላው ጎን መውጣት እስክትለምድ አንድ ክረምት ፈጅታለች።

ስለ ጓሳም፣ ስለ መንዙ የደጋ ሣር ምድር፣ አወሩ። አንድ ጊዜ በሁለት ክራንች ጓሳውን ሲያቋርጡ፣ ሣሩ ጉብ ጉብ ብሎ የበቀለ ስለሆነ የሚረግጡት ጉብታውን ይሁን መሐሉን አይታይም። በዚያ ላይ ፍልፈሉ መሬቱን ከሥር ቦርቡሮታል። ቀኝ ክራንቻቸው ሣሩን አልፎ ጉድጓድ ውስጥ እስከ መያዣው ድረስ ገባ፣ እሳቸውም ተከተሉት። ራቅ ብለው የተቀመጡት ጭላዳዎች ሣር መንጨታቸውን ሳያቋርጡ እያዩአቸው፣ ክራንቹን ለመንቀል ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ ዱላቸውን ከማስደገፋቸው በፊት መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ። ይህን እኔም ጀምሬዋለሁ፤ አስፋልት ላይ ሳይቀር ስለማደርገው ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ከ16ኛው እስከ 21ኛው ክሩ ጓሳ ውስጥ ጠፋ። አንዱ ጓሳው በጋራ ይጠበቅበት የነበረውን የቄሮን ሥርዓት አነሳ፤ የአስቦና የጌራ ተወላጆች አባ ቄራ የሚባል አለቃቸውን መርጠው ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁ እንደነበር፣ በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት እንደፈረሰ። ሌላው ወፍ ዋሻን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው አለ። 19ኛው መላሽ በቁጣ አረመው፦ በአፈ ታሪክ የሚነገረው ንጉሡ ከወፍ ዋሻ ዘር አስወስደው የመናገሻን ደን አስተከሉ ነው እንጂ ወፍ ዋሻ ራሱ የማንም ተክል አይደለም፤ ልጁ እናቱን ወለደ አትበሉ። 20ኛው እሱንም አፈ ታሪክን እንደ ማስረጃ ታቀርባለህ ብሎ ወረፈው፣ ስድብ ቀረሽ ነገር ተጻጻፉ። እኔ በመሐል ገብቼ ስለ እግር ነበር የምናወራው ብል ሰሚ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ግን የ19ኛው ነገር ደስ ብሎኛል። የምሄድበት ደን የሌላ ደን እናት መሆኑን ሳላውቅ ነበር የምሄደው።

22ኛው ደግ ሐሳብ ይዞ መጣ። ግራ እግሩን ያጣ፣ የጫማ ቁጥሩ 41 የሆነ ሰው ፈልጌ አንድ ጥንድ ለሁለት እንድንገዛ። ደግነቱን አመሰግናለሁ፤ ግን ሰው ሠራሹም እግር ጫማ ያደርጋል ወንድሜ። እንዲያውም መሬቱን ሳይሳሳ ስለሚረግጥ የእሱ ቶሎ ያልቃል። ጋሼ በልጃቸው በኩል ይህን አንብበው፣ እሳቸው በክራንች ብቻ በሄዱባቸው ዓመታት አሥራ አንድ አዳዲስ የግራ ጫማ ከአልጋ ሥር እንዳጠራቀሙና ቁጥራቸው 43 መሆኑን አስታወቁ። ፈላጊ ካለ ይጻፍላቸው።

ከ24ኛው እስከ 26ኛው በቅሎ ነው፤ እለፉት።

27ኛዋ ከደብረ ሲና የጻፈች ናት፤ ነገሩን ገልብጬ እንዳየው አደረገችኝ። ደጋው ጫፍ ላይ ከመጀመር በእነሱ በኩል ከታች ብነሳ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ወደ አስፋልቱ ብመለስ፣ እንደ ሌላው ዓለም ሰው ተራራ የወጣሁ እሆናለሁ። ሐሳቡ ማረከኝ። 28ኛው ባለሙያው ነው፤ አልተስማማም። ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሶኬቱ ልክክ ብሎ ሳለ፣ ጠዋት መሆን አለበት፤ እግሩ ሰምጦ፣ ጭኑ ደክሞ፣ ላብ አጥልቆት ከመውረድ ደክሞ መውጣት ይሻላል፤ ዳገት ላይ የወደቀ እፊቱ ባለው መሬት ላይ ይወድቃል፣ ቁልቁለት ላይ የወደቀ ግን የት እንደሚቆም አይታወቅም። 29ኛዋ የደብረ ሲናዋ ናት፤ ባለሙያው መንገዱን አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው። አላየውም። እኔ ግን በባለሙያው ሐሳብ ሄጃለሁ። ይህ ማለት የአገራችን የተገላቢጦሽ አቀማመጥ፣ መጀመሪያ ላይ ያማረርሁበት፣ ለእኔ ብሎ የተሠራ ኖሯል።

30ኛዋ ጥያቄዬን የመለሰች ብቸኛ ሰው ናት። ግራ እግሯ ከጉልበት በታች የለም፤ ባለፈው ዓመት በጥር፣ ከወንድሟ ጋር በዚሁ በአንኮበር በኩል ወርዳለች። የጻፈችው እንደ ሌሎቻችን በአስተያየት አይደለም፣ በመሬቱ ነው። መጀመሪያ የታጨደ የገብስ ማሳ አለ፤ ገለባው ያንሸራትታል፣ ግን እርከኑ ላይ አረፍ እያሉ ይወርዱታል። ቀጥሎ ልቅ ጠጠር፤ እዚያ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩን መያዝ ይሻላል። ደኑ ውስጥ ሲገቡ የጥዱ ሥር መንገዱን አቋርጦ እንደ ደረጃ ይሠራል። ደረቁ ሥር ባለውለታ ነው፣ የዛፍ ሽበት ያበቀለው ግን የሳሙና ያህል ያንሸራትታል፤ ፀሐይ የማይገባበት ቦታ ላይ ሁሉም ሽበት አብቅሏል። ሥሩን በሰው ሠራሽ እግር ከላዩ መርገጥ ክልክል ነው፤ ከሥሩ ሽቅብ በኩል ባለው አፈር ላይ ነው የሚረገጠው፣ ጎማው እግር የረገጠውን አይነግርህምና።

ምንጩ ጋ ደርሳ ተመልሳለች። መሻገሪያው ድንጋይ ይነቃነቅ ነበር፣ ወንድሟም ሊያዝላት ሲል እምቢ አለች። ዝግባው ከምንጩ ማዶ ነው ብላለች። አላየችውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ነገር ከዚያ በላይ አልጻፈችም፣ ማንም አልጠየቃትም።

በመጨረሻም፣ እንዴት ወረድሽ ለሚለው፣ ሰባት ቦታ ላይ ተቀምጣ መውረዷን ነገረችን። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጤነኛውን እግር ከፊት ለፍሬን አድርጋ፣ ሰው ሠራሹን ቀጥ አድርጋ ዘርግታ፣ በእጆቿ እየገፋች፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫዋ። የምታፍርበት ስላልመሰላት ቦታዎቹን ሁሉ ቆጥራቸዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ያላሰብሁት ሰው ያየኛል ብዬ እንደሆነ ሳነበው ገባኝ። ደን ውስጥ ማን ያየኛል? 31ኛው ባለሙያው ነው፤ በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ይህ የተሻለው ነው አለ፤ ከእሱ እንዲህ ያለ ምስጋና ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቤታችን ጀርባ ያለው ቁልቁለት ላይ ሞከርሁት። ይሠራል። የሠፈር ልጆች መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ወረዱ፤ ሱሪዬ ግን ከኋላው ተበሳ።

ይህን ብጽፍ 32ኛው መልስ ከጋሼ መጣ፤ የመንዝ አጎዛ ወገብ ላይ ታስሮ እንዲወረድበት። 33ኛው ጠጉሩ ወደ መሬት ይሁን አለ፤ ጠጉሩ መሬት ይይዛል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። 34ኛዋ ቁጥር 30 ናት፤ ጠጉሩ ጤዛ ከጠጣ ከበድ ብሎ እንደሚጎትት፣ ስለዚህ ቆዳው ወደ ታች ቢሆን እንደሚሻል ታምናለች። ጋሼ ገና አልመለሱም፣ ልጃቸው ገበያ ሄዳለች። አጎዛ ከጎረቤት ተውሻለሁ፣ አዲሱን ጫማ ለሻጩ መልሼ በአሮጌው ሄጃለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ሁለቱንም ጎን እሞክራለሁ።